በፎርዋርድ የሚዞሩ የአርበኝነት ታሪኮች፦ ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቤተሰብ፣ በዕድርና በተማሪዎች ግሩፖች ስለሚዞሩ የጀግንነት ታሪኮች ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ይህን ነው።

የሚያጠራጥር ታሪክ ሲባል ውሸት ማለት ነው?

አይደለም። ከባዶ ተነሥቶ የተፈጠረ ታሪክ እምብዛም አያጋጥምም። አብዛኛው እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ ጦርነትና እውነተኛ ቦታ ይዞ ይነሣና መንገድ ላይ ሦስት ነገር ይጨመርበታል፦ ቁጥር፣ ጥቅስና ፎቶ። በላይ ዘለቀ በጎጃም ጣሊያንን መዋጋቱ አያጠራጥርም። የሚያጠራጥረው «በአንድ ቀን ይህን ያህል ሺህ ፈጀ» የሚለው መስመር፣ «የጠላት ጄኔራል ስለ እሱ እንዲህ አለ» የሚለው ጥቅስና ከሥር የተለጠፈው ምስል ነው።

ስለዚህ «እውነት ነው ውሸት?» ብሎ በጅምላ መጠየቅ የትም አያደርስም። ቁጥሩን ለብቻ፣ ጥቅሱን ለብቻ፣ ፎቶውን ለብቻ መመርመር ነው የሚሻለው። እንዲህ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ዋናው ድርጊት ይጸናል፤ የሚወድቀው ጭማሪው ነው።

ለምንድን ነው እንዲህ የሚፈጥነው?

ላኪው ስለሚታመን ነው። ጽሑፉን ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ የላከው ግን አጎት፣ የንስሐ አባት ወይም የድሮ መምህር ነው። አንባቢው ሳያስበው የማይታወቀውን ጸሐፊ በሚያውቀው ላኪ ይተካዋል። በዚያ ላይ ታሪኩ የሚነካው ኩራትን ነው። «ዘይት ጨመረ» የሚል ወሬ ሲደርሰው ሱቅ ደውሎ የሚያጣራ ሰው፣ አያቶቹን የሚያወድስ ጽሑፍ ሲደርሰው ማጣራቱን እንደ ክህደት ይቆጥረዋል። አንዱ ጽሑፍ ከሦስት ግሩፕ ሲመጣ ደግሞ ሦስት ምስክር የተገኘ ይመስላል፤ ቃሉ አንድ ከሆነ ግን ምስክሩም አንድ ነው።

«ለ10 ሰው ካላደረስክ» የሚለው ማስፈራሪያ አዲስ አይደለም። ስልክ ሳይመጣም በእጅ እየተገለበጠ፣ በኋላም በፎቶ ኮፒ እየተባዛ የሚዞር ወረቀት ነበር። ያኔ ግን ለመገልበጥ ግማሽ ቀን ይፈጅ ስለነበር ሰው የሚገለብጠውን ያነበው ነበር። አሁን ርዕሱን አይቶ ብቻ የሚልከው ብዙ ነው።

ዋትስአፕ ላይ የሚታዩት ቀስቶች ምን ይነግሩኛል?

አንድ ቀስት ካለ ላኪው ራሱ አልጻፈውም፣ ከሌላ ያገኘውን ነው ያስተላለፈው። ሁለት ቀስት ካለ ጽሑፉ ከመጀመሪያው ላኪ ተነሥቶ ቢያንስ አምስት እጅ አልፎ ነው የደረሰዎ። እንዲህ ያለውን መልእክት ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰው ወይም ግሩፕ ብቻ ነው መላክ የሚቻለው፤ ለሌላው መልእክት ጣሪያው አምስት ነው። ስልኩ «ከአንድ በላይ አልልክም» ካለዎ የተበላሸ ነገር የለም፤ መልእክቱ ብዙ ስለዞረ ነው።

ቀስቱ የእውነትም የውሸትም ማኅተም አይደለም፤ ስለ ርቀት እንጂ ስለ ይዘት አይናገርም። ጽሑፉን ገልብጦ እንደ አዲስ የለጠፈ ሰው ደግሞ ቀስቱን ያጠፋዋል። ሁልጊዜ በሁለት ቃል የሚመልስልዎ ዘመድ ድንገት አራት አንቀጽ ከነስሜት ገላጭ ምስሉ ከላከ፣ ቀስት ባይኖረውም የእሱ ጽሑፍ አይደለም።

ቴሌግራም ላይ መነሻውን እንዴት ላግኝ?

ከመልእክቱ አናት ላይ የተላለፈበት ቻናል ስም ይታያል። ስሙን ሲነኩት ወደ መጀመሪያው ልጥፍ ይወስድዎታል። እዚያ ቀኑን፣ ከሰዓቱ አጠገብ ታርሟል የሚል ምልክት መኖሩንና ከዚያ በፊት ምን ሲለጠፍ እንደነበር ይመልከቱ። ወደ ላይ እየሳቡ ሲሄዱ ቻናሉ ስሙን ቀይሮ ከሆነ ይህም ተጽፎ ይገኛል። ትናንት የኳስ ውርርድ ሲያስተዋውቅ የነበረ ቻናል ዛሬ «የአባቶቻችን ታሪክ» ተብሎ ከተገኘ፣ የሚሰበስበው ታሪክ ሳይሆን ተከታይ ነው። ብዙ ተከታይ ያለው ቻናል ይሸጣል፣ ማስታወቂያም ያመጣል፤ ተከታይ ለመሰብሰብ ደግሞ ከአርበኛ ታሪክ የቀለለ ነገር አልተገኘም።

ላኪው የቻናሉን ስም ደብቆ ልኮት ከሆነ ያለው አማራጭ ቃሉን መፈለግ ነው። ከጽሑፉ ውስጥ ለየት ያለ ሐረግ፣ አምስት ስድስት ቃል ያህል፣ ገልብጠው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ጎግል ላይ፣ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ደግሞ ቴሌግራም መፈለጊያ ላይ ያስገቡት። ፍለጋው ባዶ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለማሽኑ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ኃይለ ሥላሴ» ብሎ የፈለገ «ሀይለስላሴ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ እነዚህ ፊደላት የሌሉበትን ሐረግ ይምረጡ፣ ካልሆነም አጻጻፉን እየቀያየሩ ይሞክሩ።

መልእክቱን ሳነብ በመጀመሪያ ምኑን ልይ?

ለማሳያ የተሠራ አንድ መልእክት እንይ፦ «ሰበር ታሪክ! በ1937 የጎጃሙ አንበሳ በላይ ዘለቀ በ300 ጀግኖች ብቻ 40,000 ጣሊያን ደመሰሰ! የጣሊያኑ ጄኔራል ይህ ሕዝብ አይገዛም ብሎ አለቀሰ! ሚዲያው ይህን አይነግርህም። ኢትዮጵያዊ ከሆንክ ለ10 ሰው አድርስ።»

በ1937፤ በየትኛው አቆጣጠር? ይህ ከዚህ በታች ለብቻው ተመልሷል። 300፤ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7ን ያነበበ ሰው ጌዴዎን ምድያምን በስንት ሰው እንዳሸነፈ ያውቃል። በአርበኛ ታሪክ ውስጥ 300 ሲመጣ ቁጥሩ ከጦር ሜዳ ይሁን ከመጽሐፍ መጠርጠር ነው። 40,000፤ ቦታ የለውም፣ ቀን የለውም፣ ወንዝ ወይም ደብር አልተጠቀሰም። ብቸና ይሁን ሞጣ፣ ዓባይ በረሃ ይሁን ዳሞት አይታወቅም። እውነተኛ የውጊያ ትዝታ ግን ቁጥሩን ቢረሳ እንኳ ቦታውን አይረሳም። «የጣሊያኑ ጄኔራል» ስም የለውም፤ ስም የሌለው ሰው አልተናገርኩም ሊል አይችልም። «ሚዲያው አይነግርህም» የሚለው ደግሞ ፈልገው ቢያጡት እንኳ ማጣትዎ ራሱ ማስረጃ እንዲመስልዎ አስቀድሞ የተቀመጠ ነው። የመጨረሻውን መስመር ለማራገፍ ክርክር አያስፈልግም፤ ታሪክ ለ10 ሰው ስለተላከ አይጸናም።

ዓመተ ምሕረቱ ለምን ይህን ያህል ያሳስታል?

ሁለት አቆጣጠር ስለምንጠቀምና ሰው «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ ስለሚተው ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው።

1937ን እንውሰድ። በእኛ 1937 ዓ.ም. ጣሊያን ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል፤ በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ በስቅላት የተቀጣው በዚያ ዓመት ነው፣ የቀጣውም ከስደት የተመለሰው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው። በፈረንጆቹ 1937 ግን እኛ 1929 እና 1930 ላይ ነበርን፤ ወረራው የበረታበት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ የተፈጀበት ጊዜ ነው። ይህን ያላየ ሰው «በ1937 ተሰቀለ» የሚለውን በፈረንጅ አንብቦ «ጣሊያን ሰቀለው» ብሎ ይጽፋል። የገዳዩ ማንነት የተቀየረው በውሸት ሳይሆን በአንድ ያልተጻፈ ምሕጻረ ቃል ነው።

ዓድዋም ላይ ተመሳሳይ ክርክር ይነሣል። «የፈረንጅ መጽሐፍ ማርች 1 ይላል፣ እኛ የምናከብረው ማርች 2 ነው፤ ታሪካችንን አዛቡብን» የሚል አለ። ማንም አላዛባም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከማርች 1 ቀን 1896 ጋር ነበር የሚገጥመው። በፈረንጅ አቆጣጠር 1900 ፌብሩዋሪ 29 የሌለበት ዓመት ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያው የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል።

ፎቶውን እንዴት ነው የማጣራው?

ፎቶውን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። በላዩ የተጻፈ ርዕስ፣ ባንዲራ ወይም ጌጥ ካለ ቆርጠው ያውጡትና ምስሉን ብቻ ያስቀሩ፤ ጽሑፉ ካልወጣ ፍለጋው በጽሑፉ ይሳሳታል። ከዚያ በጎግል ሌንስ ይፈልጉት። ቲንአይ (TinEye) የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ ውጤቱን ከአሮጌው ጀምሮ ለመደርደር ስለሚያስችል መነሻ ለማግኘት ይሻላል። ካልተገኘ ምስሉን ገልብጠው፣ ማለትም ግራውን ቀኝ አድርገው እንደገና ይሞክሩ። በአገራችን ልማድ ጎራዴ የሚታጠቀው በቀኝ ጎን ስለሆነ፣ የሁሉም ሰው ጎራዴ በግራ ከሆነ ፎቶው ተገልብጧል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። በወረራው ዘመን የተነሡ ብዙ ፎቶዎችና ፊልሞች ሮም በሚገኘው የሉቼ ተቋም መዝገብ ውስጥ አሉ፤ ኢንተርኔት ላይም ይታያሉ።

ከዚያ ልብሱንና መሣሪያውን ማየት ነው። ረጅም ቀይ ታርቡሽ ከነዘርፉ ያጠለቀና ወገቡን በሰፊ መቀነት ያሰረ ወታደር የጣሊያን አስካሪ፣ ማለትም ጣሊያን ከቅኝ ግዛቱ የመለመለው ወታደር ነው። ከሥሩ «አርበኞቻችን» ተብሎ ሲዞር ዝም ብሎ ማለፍ ከባድ ነው፤ በበረሃ የተዋጋውን አርበኛ በወጋው ወታደር ፎቶ ማክበር ማለት ነውና። አርበኛው በአብዛኛው የያዘው ምንሽር፣ ውጅግራ ወይም ለበን የሚባሉትን የዚያን ዘመን ጠመንጃዎች ነው። ክላሽ ከታየ ምስሉ የዚያ ዘመን አይደለም፤ ክላሽንኮቭ በፈረንጆቹ 1947 የወጣ መሣሪያ ነው። ባንዲራው ላይ ኮከብ ካለም እንዲሁ፤ ያ ዓርማ የተጨመረው በ1988 ዓ.ም. ነው።

አሁን አሁን በኤ.አይ. የተሠራ ምስል በዝቷል። ፊቱ ያማረ፣ ብርሃኑ እንደ ፊልም የተስተካከለ ከሆነ ጣቶቹን ይቁጠሩ፣ የጠመንጃውን መቀርቀሪያ ይዩ፣ ከበስተጀርባ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ ይሞክሩ። ፊደል የሚመስሉ ግን ሀሁ ውስጥ የሌሉ ቅርጾች ከሆኑ ነገሩ አለቀ።

የድሮ ጋዜጣ ቁራጭ ወይም ደብዳቤ ፎቶ ከሆነስ?

ቀኑንና ስሙን ያስተያዩ። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1933 ዓ.ም. ስለሆነ «የ1929 አዲስ ዘመን» የሚባል ነገር የለም። ተፈሪ መኮንን «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» የተባሉት በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲታወጁ ነው፤ ከዚያ በፊት በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ይህ ስም ካለ ደብዳቤው ኋላ ተሠርቷል። የኮምፒውተር ፊደል በቡናማ ወረቀት ላይ ከተገኘም ወረቀቱ እንጂ ጽሑፉ አላረጀም።

የሟቾች ቁጥር የተጋነነ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከተሰለፈው ጋር ያወዳድሩት። ዓድዋ ላይ ጣሊያን ያሰለፈው ጦር 17,700 ገደማ ነበር፣ 56 መድፍ ይዞ። ከዚህ ውስጥ አስካሪዎችን ጨምሮ የሞተው በብዙዎቹ ግምት ከ6,000 እስከ 7,000 ነው። «100,000 ጣሊያን አለቀ» የሚል መልእክት ሲመጣ እንግዲህ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ ያልመጣ ሰው አይሞትም። እውነተኛው ቁጥር ራሱ ዓለምን ያስደነገጠ ስለሆነ ማሳደጉ ምን እንደሚጠቅም ግልጽ አይደለም።

«ዩኔስኮ መሰከረ» የሚሉትስ?

ይህ ከሌላ አገር የመጣ ቅርጽ ነው። ሕንድ ውስጥ «ዩኔስኮ ብሔራዊ መዝሙራችንን ከዓለም አንደኛ አለው» የሚል ጽሑፍ ዓመታት ዞሯል፤ ድርጅቱ ራሱ አስተባብሎታል፣ መዝሙር የማወዳደር ሥራም የለውም። የአገሩን ስም ቀይሮ፣ መዝሙሩን በፊደል ወይም በቋንቋ ተክቶ ወደ ማንኛውም አገር መላክ ይቻላል።

እኛ ዘንድ አስቸጋሪው ግማሽ እውነት ያለበት ነው። ጣና ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ መመዝገቡ እውነት ነው፤ የተመዘገበው ግን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ነው፣ ይህም ላሊበላና የፋሲል ግቢ ካሉበት የዓለም ቅርስ መዝገብ የተለየ ነው። መስቀልና ጥምቀት ደግሞ በሦስተኛ መዝገብ፣ በማይዳሰሱ ቅርሶች ውስጥ ናቸው። «ተመዘገበ» ሲባል «በየትኛው መዝገብ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅና የዩኔስኮን ድረ ገጽ በአገር ስም ማየት በቂ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ አጽም ከእንግሊዝ ተመለሰ የሚለውም ወሬ እንዲሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከለንደን የተመለሰው የአባቱ የዐፄ ቴዎድሮስ ፀጉር ነው። የልጁ አጽም አሁንም ዊንዘር ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም።

አያቴ የነገሩኝን ከመጽሐፍ ባጣው ውሸት ነው ልበል?

አይበሉ። የጎጃም አርበኝነት ታሪክ ትልቁ ክፍል በቃል ያለ ነው፤ ያልተጻፈ ሁሉ ያልተደረገ አይደለም። መለየት ያለበት ምስክርነትና ፉከራ ነው። ሽለላ፣ ፉከራና ቀረርቶ የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ዘራፍ ብሎ የተነሣ ሰው መቶ ገደልኩ ቢል አድማጩ አይቆጥርም፣ ወኔውን ነው የሚሰማው። ችግሩ የሚመጣው ያን ስንኝ አንዱ በስድ ንባብ ጽፎ፣ ዓመተ ምሕረት ጨምሮ ቴሌግራም ላይ ሲያወጣው ነው። በሠርግ ላይ ያላሳሳተ ግነት ስክሪን ላይ ያሳስታል።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። በ1933 ዓ.ም. 18 ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ አሁን የምንሰማው በአብዛኛው የልጆችን ቃል ነው፤ «አባቴ እንዲህ አለኝ» የሚለውን «እንዲህ ሆነ» ብለው አይጻፉት። የሚቀርጹ ከሆነ «ስንት ገደሉ?» ብለው አይጀምሩ። የትኛው ወንዝ ማዶ? በማን መሪነት? ክረምት ነው በጋ? የትኛው ታቦት ቀን? ጠመንጃው የማን ነበር፣ በኋላስ ማን እጅ ገባ? ከጎናቸው ማን ነበር? ብለው ይጠይቁ። ስምና ቦታ ካለ ከሌላ ሰው ቃል ጋር ማስተያየት ይቻላል። ድምፁን ሳይቆራርጡ ያስቀምጡት፣ መጀመሪያውም ላይ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የተናጋሪውን ዝምድና በቃል ያስገቡበት። ከዚያ በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ክፍል ላሉ ሰዎች ማሳየት ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ካለዎ ደግሞ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ።

ጀግናው እውነተኛ ሆኖ ታሪኩ ከተጋነነ ማረሙ ጀግናውን አያሳንሰውም?

ዘርዓይ ድረስን እንይ። በሰፊው የሚነገረው ሮም ላይ ጎራዴ መዝዞ ብዙ ፋሽስቶችን ገድሎ እዚያው ተገደለ የሚል ነው፤ የሟቾቹ ቁጥር እንደ ተራኪው ይለያያል። በሰነድ የተያዘው እንዲህ ነው፦ የኤርትራ ተወላጁ ዘርዓይ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተዘርፎ ሮም በቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ሊጸልይ ሲል ከለከሉት፤ ጎራዴውን መዝዞ ሰዎች አቆሰለ፣ ተያዘ፣ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዘግቶበት በ1937 ዓ.ም. ሲሲሊ ውስጥ አረፈ።

የትኛው ያንሳል? በሰነዱ መሠረት ሰውየው በጠላት ዋና ከተማ፣ ብቻውን፣ እንደማያመልጥ እያወቀ ተነሥቷል፤ ዋጋውንም ሰባት ዓመት ከፍሏል። የፎርዋርዱ ታሪክ በአንድ ቀን ስለሚጨርሰው እነዚያን ሰባት ዓመታት ይውጣቸዋል።

እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ መልእክቱ ሊያሳስት ይችላል?

ይችላል፤ ለመያዝም ከባዱ ይህ ነው። «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዓድዋ ዘምተው ጣሊያንን ድል አደረጉ» እውነት ነው። «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ በምኒልክ ተሸንፈው ተማረኩ» ይህም እውነት ነው። አንዱ ግሩፕ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ብቻ ይልካል። የሰውየው ታሪክ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ነው፦ የማረካቸው ንጉሥ ባወጀው ዘመቻ፣ ከ14 ዓመት በኋላ፣ ጦራቸውን ይዘው መሰለፋቸው።

«ጎጃም ባንዳ አያውቅም» የሚለውም ከዚህ ወገን ነው። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና በላይ ዘለቀ በዱር ሲዋጉ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ከጣሊያን ጋር ነበሩ። ይህን ቆርጦ የሚልክ ሰው አርበኞቹ ከባዕድ ጦር ሌላ ከገዛ አገራቸው መኳንንት ጋር ጭምር መጋጠማቸውን ይሰርዝባቸዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከዚህ ድርጊት አሥር ዓመት በፊትና በኋላ ያው ሰው የት ነበር?

ታላቄ ቢልኩልኝ እንዴት ልመልስ?

በግሩፕ ፊት «ፌክ ነው» አይባልም። ሰውየው ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ ይሟገታል እንጂ አያርምም። በግል ይጻፉ፣ ከተቻለም ይደውሉ። «አያ፣ የላኩልኝን አነበብሁት። ቦታውን ማወቅ ፈልጌ ነበር፤ ከየት አገኙት?» ማለት ይበቃል። ብዙ ጊዜ «እኔም ከእከሌ ነው የደረሰኝ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ አብሮ መፈለግ ነው። ያጣሩትን ደግሞ የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ አጭር አድርገው፣ ከነቦታውና ከነዓመተ ምሕረቱ ግሩፑ ላይ ያስቀምጡት።

ፎርዋርድ በማድረጌ በሕግ ልጠየቅ እችላለሁ?

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚመለከተው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የሚያሰራጭንና፣ መረጃውም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍ ያለ ሲሆን ነው። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። ስለ ዓድዋ የተጋነነ ቁጥር መላክ እዚህ ውስጥ ለመግባት ያዳግተዋል። የዛሬን ወገን በትናንት ደም የሚከስ «ታሪክ» ግን ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ በዜንደርና በሚሞሪ የሚመጣውን እንዴት ልየው?

የበለጠ ተጠንቅቀው። በብሉቱዝ፣ በዜንደር ወይም ሙዚቃ ቤት ዘፈን ሲያስጭኑ አብሮ የገባ ፋይል ቀስቱንም የቻናሉንም ስም ይጥላል። ከዋትስአፕ የወጣ ፎቶ ስሙ ውስጥ 8 ተከታታይ አሃዝ ሊኖረው ይችላል፤ ዓመት፣ ወርና ቀን በፈረንጅ ነው፣ የሚያሳየውም ፎቶው የተነሣበትን ሳይሆን ለአንዱ ስልክ የደረሰበትን ቀን ነው። መስመር ሲመለስ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ የሁለት ወር ወሬ የዛሬ ይመስላል።

ልኬው ከሆነ መመለስ ይቻላል?

ዋትስአፕ ላይ ለሁሉም ማጥፋት የሚቻለው ሁለት ቀን ተኩል ገደማ እስኪያልፍ ነው። ያጠፉት ግን የእርስዎን ቅጂ ብቻ ነው፤ ሌላው አስተላልፎት ከሆነ ያኛው ይቀራል። ስለዚህ ዝም ብሎ ከማጥፋት፣ ለዚያው መልእክት መልስ አድርጎ «ቁጥሩ ትክክል አይደለም፣ ፎቶውም የሌላ ነው» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ቀድሞ ያነበበውም ያየዋል።

ኤ.አይ. ጠይቄው «እውነት ነው» አለኝ፤ አይበቃም?

አይበቃም። እነዚህ ፕሮግራሞች በአማርኛ የተመገቡት ጽሑፍ ጥቂት ነው፣ ከዚያም ውስጥ ያው ሲዞር የከረመው ልጥፍ ሊኖርበት ይችላል። ጥያቄው ውስጥ ያስገቡትን ሐሳብ አሳምረው ሊመልሱልዎም ይችላሉ፤ «በላይ 40,000 ጣሊያን የደመሰሰበት ውጊያ የት ነበር?» ሲባሉ ውጊያው መኖሩን ሳይጠይቁ ቦታ ሊሰጡ ይችላሉ። የመጽሐፍ ስምና ገጽ ቢጠቅሱም መጽሐፉ መኖሩን፣ ገጹም ያንን ማለቱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። የሚጠቅሙት ለሌላ ሥራ ነው፦ በፎቶ ላይ ያለ የጣሊያንኛ ጽሑፍ ለመተርጎም ወይም ፍለጋ የሚጀመርበትን ቃል ለመጠቆም።

ፈልጌ ማረጋገጫም ማስተባበያም ካጣሁስ?

ያገኙትን ደረጃ ጽፈው ያቆዩት። «በቃል ይነገራል»፣ «አንድ ሰው ብቻ ጽፎታል»፣ «የዘመኑ ሰነድ አለው» የሚሉት ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ከታሪኩ ጋር አብሮ ከተጻፈ ቀጥሎ የሚያነበው ሰው ከዚያ ይነሣል። በላይ ዘለቀ ሊሰቀል ሲል ተናገረው የሚባለውን እንውሰድ። በብዙ ዓይነት አባባል ይዞራል፣ እያንዳንዱ ላኪም በትእምርተ ጥቅስ ያስገባዋል። ትእምርተ ጥቅሱን ያንሡለትና «እንዲህ ብሏል ይባላል» ብለው ይጻፉት፤ ከማን እንደሰሙትም ያክሉበት።